ቀለም ያልያዘው

ከሰም ጡብ ላይ ልጬ፣ ከጸጉር አሳስቼ፣
በሞቀ ውሃ ላይ እንደ ቅጠል ዘርግቼ፣
በመስታወት አነሳሁ፤
ቁጥር ጻፍኩበትና ስሙን ግን አልረሳሁ።

አበጋዝ ይመር፣ ስልሳ ሦስት ዓመት፣
ከኮምቦልቻ ተነስቶ፣ ሐረጎን በሌሊት፣
ጥቅምት ላይ የመጣ፤
ከትልቁ አንጀቱ፣ በሐኪም ቢላዋ፣ ስንዝር ሙሉ የወጣ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በጨርቁ ፋብሪካ፣
ከጋኑ አፍ ቆሞ ቀለም ሲያፈላ፣ ሲለካ፣
በሳሙና ታሽቶ፣ በአመድ ተለቅልቆ፣
ያልለቀቀው ሰማያዊ ክርኑ ላይ ተጣብቆ፣
በላቦራቶሪው መስኮት አጎንብሶ ጠየቀኝ፦
«ልጄ፣ እናንተስ ደግሞ በምን ቀለም ነው የምትነክሩኝ?»

በልቤ መለስኩለት፦

እናንተ ሽመና ክፍል፣ ክሩ ድንገት ሲበጠስ
ሮጣ የምትቋጥር ሴት እንዳለች፣ ማንም ሳይቀሰቅስ፣
በያንዳንዱ ህዋስ፣ በውርሱ ጽሕፈት ላይ
አራት ፕሮቲኖች አሉ፣ ስህተት ነቃይ፣ ክር ቀጣይ።
ቡናማው ቀለሜ እነሱን ፍለጋ ወደ ውስጥ ይገባል፤
ካገኘ ይይዛል፣ ካጣ ግን ታጥቦ ይወጣል።

ዐይኔን ከማይክሮስኮፑ አስጠጋሁ። መብራት ጠፋ።
ደሴ ነው፤ ጉሙ በመስኮቱ ስንጥቅ ገብቶ ጣቴ ላይ አንቀላፋ።

መብራቱ መጣ። አየሁ።
ደህናው ጎረቤቱ ቡናማውን ለብሷል፤
ከዕጢው መሀል ግን ሁለቱ አሉ፣ ሁለቱ ጠፍተዋል፤
ቀለሙን እንቢ ብሎ፣ ነጥቶ፣ ገርጥቶ፣
የራሱን የእጁን ሰማያዊ ብቻ አውጥቶ።

በማግስቱ መጣ።
ስለ ካንሰሩ አልጠየቀኝም።
«ያዘ?» አለኝ።
«አልያዘም።»
ፊቱ ሲከስም አየሁት።
«እኛ ዘንድ፣» አለ፣ «ቀለም ያልያዘ ጣቃ
ከደሞዝ ይቆረጣል፤ ይጮኻል አለቃ።»

«እዚህ ቤት፣ ጋሽ አበጋዝ፣ ነገሩ ይገለበጣል፤
ክር ቀጣይ ያጣ ጨርቅ ስህተቱ በዝቶ ነውሩ ይገለጣል፤
የደምዎ ዘበኛ፣ ያ ፈታሽ በር ላይ፣
ነውረኛውን ጣቃ ያውቀዋል ገና ሲያይ።
ንፍፊቶችዎም ንጹሕ ናቸው።
ያ ጠብ ጠብ የሚለው፣ አፍ የሚያቆስለው መርፌ
ለእንዲህ ያለው ዕጢ እምብዛም አይረዳም፤ ቀሪውን ሐኪምዎ ይንገርዎት፤ እስከዚህ ነው አፌ።»

«ያልያዘው ነው የሚሻል?» ሳቀና፣ «ማን በነገረው ያኔ፣
ላለቃዬ፣ ስንት ቀን ደሞዜን የተቀጣሁ እኔ!»

ይድናሉ አላልኩም።
ከመቶ ይህን ያህሉ ይኖራል ይላል መጽሐፉ፤
አበጋዝ ስንተኛው እንደሆነ ግን የለም ከምዕራፉ።

ከሱ ቀጥሎ ደግሞ አንድ መስታወት ነበር፤
የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሴት፣ ከሸዋ በር።
ስሟን እዚህ አልጽፍም።
አራቱም ክር ቀጣዮች በየቦታቸው፣
እንደ አዲስ ጣቃ ደምቆ ቡናማ ቀለማቸው፤
በሥራ ዘመኔ እንዲህ አምሮ ይዞልኝ አያውቅም።
እንዲህ አምሮ።
ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁ።
ለሷ መርፌው ይጀመራል፤ በየሁለት ሳምንት፤
ዕጢዋ ሥራ አዋቂ ነው፤ ዘበኛውን ያልፈዋል ሰላምታ ሰጥቶት።

የከሰዓቱ ሚኒባስ ሐረጎን ቁልቁል ሲጠማዘዝ፣
ወረቀቱን ለሚያውቀውም ለማያውቀውም ያሳያል ጋሽ አበጋዝ፤
እኔ እጄን ታጠብኩ። ደግሜ ታጠብኩ።
ከጥፍሬ ሥር አንዲት ቡናማ መስመር
አልለቀቀችም።
ስልኩን ደወልኩለት፤ «በምን ነበር የሚያስለቅቁት?»
ሳቀብኝ። ከበስተጀርባው የሚኒባሱ ጥሩምባ ይጮኻል።
«አይለቅም፣» አለኝ፤ «ልጄ፣ አብሮሽ ነው የሚኖር።»