ካፖርት በኪሎ

በሎድዝ ከተማ፣ ከትራሙ ማዞሪያ፣
አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች፣ የልባሽ ማደሪያ።
እዚያ ልብስ እንደ ሽንኩርት በሚዛን ይሸጣል፣
ሰኞ ስልሳ ዝሎቲ፤ በየቀኑ ይወርዳል፣
ማክሰኞ አርባ ነው፣ ረቡዕ ሠላሳ ይሆናል፣
አርብ ማታማ ድንች ይበልጠዋል።

ገኖቬፋ ቆማለች መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፤
ሠላሳ ዓመት ያህል በሱፍ ፋብሪካ ውላ፣
ማሽኑ ጆሮዋን ወስዶ ጣቷን ትቶላታል፤
ዛሬም ጨርቅ ስትነካ ጣቷ ይሰማላታል።

ማክሰኞ ከሰዓት ኢዳልያ ገባች፣
በስስ ሹራብ ብቻ እየተንቀጠቀጠች፤
«ነገ በሦስት ሰዓት ለሥራ ይጠይቁኛል፤
መዝገብ ቤት ነው፣ ፍርድ ቤት። ስልሳ ዝሎቲ ቀርቶኛል።»

«ጮክ በይ! ስልሳ አልሽኝ? ስልሳ መች አነሰ፣
ስንቱ በስድስት መቶ ገለባ ለበሰ!
ፊቱ አያታልልሽ፣ ገበሩን ገልብጪ፤
ብብቱ የሳሳውን አታንሺ፣ አምልጪ።
ከዚያ ትከሻ ነው። እጅጌ ያጥራል፣ ወገብ ይጠባል፣
ጫፉም በመቀስና በመርፌ ይታረቃል፤
ትከሻ ግን እንደ ሟች ባሌ ግትር ነው፣
ካልገጠመ አልገጠመ፤ ለባለ ልኩ ተይው።
ቀለሙን ከጫማሽ አስታርቂ፣ ከዓይንሽ አይደለም፤
በየካፖርቱ ጫማ የሚቀይር ድሃ የለም።
ኮፍያ? አይሆንም፤ ስትገቢ ታወልቂዋለሽ፣
በእጅሽ ስታሻሺው ፈሪ ትመስያለሽ።
ጉትቻሽ ትንሽ ይሁን፣ ድምፅ የማያሰማ፤
ሰውየው አንቺን እንጂ ጉትቻሽን አይስማ።
ሻርፕ ላይ አትቆጥቢ፤ አይ፣ ቆጥቢ፣ ምን ነካኝ!
የኔን ቀይ ውሰጂው፤ እዚህ ማን አየኝ።
በግራጫ ላይ አንድ ቀይ ይበቃል፣ አትድገሚ፤
ቀይ ቦርሳ፣ ቀይ ጓንት ስትይ የገና ዛፍ ሆነሽ እንዳትቆሚ።»

ከክምሩ ሥር ጎተተች አንድ ግራጫ ካፖርት፣
ከባድ፣ ጥርት ያለ ሱፍ፣ ስምንት የነሐስ ቁልፍ ያሉት።
በጣቷ ሰማችው። ዝም አለች። ጠርዙን ዳሰሰች፤
«ይሄን ሽመና አውቀዋለሁ» አለችና ሌላ አልጨመረች።
ትከሻው ልክ። ገበሩ ሙሉ። ሚዛን ላይ ወጣ፤
ኪሎ ከስምንት መቶ። ሰባ ሁለት ዝሎቲ መጣ።

ኢዳልያ ቦርሳዋን ሁለቴ ቆጠረች፣
ገንዘብ ቢቆጥሩት አይወልድ፤ አንገቷን ደፋች።
«አርብ ልምጣ?» አለች። «ጅብ ከሄደ በኋላ?!
ቆይ፣ መቀሴን ላምጣ፤ አለው ሌላ መላ።»

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ቁልፎቹ ረገፉ፣
እንደ በሰለ ፕሪም ጠረጴዛው ላይ ተነጠፉ።
ቀበቶውም ወጣ፣ ከነብረት ዘለበቱ፤
«ወገብሽን አይፈልግም መዝገብ ቤቱ!»
ሚዛኑ አሰበ፤ መርፌው ተንቀጠቀጠ፣
ኪሎ ተኩል ላይ ደርሶ ተቀመጠ።
«ስልሳ! ጨርቅ ነው የሸጥኩት፣ ሚዛን ምስክሬ፤
ቁልፍ ሸጬ አላውቅም እስከ ዛሬ።»
ቁልፉን፣ ክሩን፣ መርፌውን በወረቀት ጠቀለለችላት፤
«በየቀዳዳው ሁለቴ፤ ሥሩን በክር ጠምጥሚለት።»

ትራሙ ሲነቀነቅ መርፌው ጣቷን ወጋ፤
አንድ፣ ሁለት… ሰባት። ስምንተኛው የለም እሷ ጋ።

ገኖቬፋ ሱቁን ስትጠርግ፣ ከሚዛኑ እግር ሥር፣
አገኘችው ሲያበራ እንደ ድመት ዓይን በጨለማው ዳር።
ሮጣ ወጣች። ትራሙ የለም፤ በረዶው ዱካውን በልቷል።
«ሰባት ይበቃል፤ የታችኛውን ማን ጎንበስ ብሎ ያያል!»

መዝገቧን ከፈተች፣ እርሳሷን በምራቅ ነከረች፤
«ካፖርት፣ ግራጫ፣ ያለ ቁልፍ፣ ኪሎ ተኩል» ብላ ጻፈች።
ነሐሱን በክር አስራ ከሱቁ ቁልፍ ጎን ሰቀለች፣
ሁለት ቁልፍ ባንድ ሚስማር፤ ቆማ አየቻቸው፤ ሳቀች።
አንዱ በር ይከፍታል፣
አንዱ ብርድ ይዘጋል።

መብራት አጥፍታ ልትወጣ ስትል አንገቷን በረዳት፤
ሻርፗን ፈለገች። የት ነው ያኖረችው? ጠፋባት።