ፊቱን ወደ በሩ

እኔ ጣሪያ ጠጋኝ፣ የድንጋይ ክዳን ሠሪ፣
ከጸሎት የራቅሁኝ፣ ለቀን ዋጋ አዳሪ፣
ወደ ኦርቫሊ ወጣሁ ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣
ዝናቡ ሳይቀድመኝ ክዳኑን ላስተካክል።

ሠላሳ አንድ ሰው ነው ዛሬ የቀራቸው፤
አርባ ሦስት ናቸው ጦር የበላቸው፣
ከአደባባዩ ድንጋይ ስም የተጻፈላቸው።
ዳቦ ቤቱ ተዘግቷል፣ ትምህርት ቤቱም የለ፣
ቄሱ ላሥራ አንድ ደብር ባንድ መኪና ዋለ፤
ኦርቫሊ ሲደርሳት በዓመት ሁለቴ ነው፣
ያውም ቀብር ካለ፣ ያውም መንገዱ ካማረው።

ከኦዜሊ እጅ ነው የቤተ ክርስቲያኑ ቁልፍ፣
ክንድ የሚያህል ብረት፣ ኪስ ቀድዶ የሚያልፍ።
እናቷም ይዛዋለች፣ የእናቷ እናትም፤
ከሷ ወዲያ ማን እንደሚይዘው አልጠየቅኋትም።

ቅዱስ ሜዳር ይባላል፣ ዝናብ አዛዡ፣ ባለ ደብሩ፤
ሰኔ መባቻ ነው የሚውለው ክብሩ።
ያን ዕለት ከዘነበ አርባ ቀን ነው ይላሉ፣
ድርቆሽ ሲበሰብስም እሱን ያማሉ።
ዝናብ የሚያዝ ቅዱስ፣ ጣሪያው እያፈሰሰ፣
አናቱ ላይ ጠብ ጠብ፣ ካባው እየራሰ!
ስቄ ልሞት ነበር። ኦዜሊ ታዘበች፤
«ነቢይስ ባገሩ መች ይሰማል?» አለች።

አንገቱ ላይ ጠባሳ፣ የኖራ መጋጠሚያ፤
ራሱ ዞሯል ወደ በር፣ ጀርባው ለመሠዊያ።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ እሷ እንዳወራችልኝ፤
(ስንቱ እውነት እንደሆነ እኔን አትጠይቁኝ።)
ንጉሥ የወደቀ ጊዜ፣ ካህን የተሰደደ፣
መዶሻ የያዘ ጎረምሳ ከከተማ ወረደ፤
የቅዱሱን አንገት ባንድ ምት ቀነጠሰ፣
ደወሉን ለመድፍ ሊያቀልጥ ሰገነቱን ዳሰሰ፤
ያገኘው ባዶ ገመድ፣ የእርግብ ኩስ ብቻ ነው፤
አንጥረኛው አንቴልም ሌሊት ነው ያወረደው።
ከፍግ ክምር ሥር፣ ከላሞቹ በረት፣
አሥር ዓመት ተኛች የነሐስ እመቤት።
ደወል በዚህ አገር ክርስትና አለው፤
ፔትሮኒ ናት ስሟ፤ የክርስትና እናትም ነበራት እንደ ሰው።

ራሱስ?
ራሱማ ከጉድጓድ ነው የወጣው፣
ድርቅ በገባ ዓመት ባልዲ ጠልቆ ሲያመጣው።
ግንበኛው ሰክሮ ነው፣ ይላሉ ግማሾቹ፣
አንገቱን ያጣመመው። አይደለም! ይላሉ ሌሎቹ፤
ጦር የሄዱት ልጆች በበሩ ሲገቡ ሊያያቸው
እሱው ራሱ ነው አንገቱን ያዞረላቸው።

ኦዜሊ የትኛው እንደሆነ አልነገረችኝም።
የቤተሰቧን ስም ግን ከድንጋዩ ላይ አየሁ፣
አራት ጊዜ፣ ተከታትሎ።
እኔም አላነሣሁም።

በማግስቱ ወጥቼ ክዳኑን ስገልጠው፣
ወራጁ ላይ ጽሕፈት፣ መሮ የቆረጠው፤
«ባርናቤ ከደነው፣ በሰማንያ ስምንት።
ወይኑ ኮምጣጣ ነው፤ የቄሱ ኪስ ብረት።»

አብዮቱ አንድ ዓመት ሲቀረው ነው እንግዲህ!
መሰላሉ ላይ ቆሜ ሳቅሁኝ እንደ እብድ፣ እንዲህ፤
ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ጨለማ ውስጥ ተኝቶ
ያ ስሞታ ቆየኝ፣ ጠጋኝ ብቻ ሽቶ።
ከመስኮቱ ኅብረ ቀለም፣ ከሻማው፣ ከወርቁ፣
አንድ ሰው ጉልበቴን ያዘኝ ከዚያ ከሩቁ።
ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ለማን እንደሆነ አላውቅም።
መሮዬን አወጣሁ። ከቃሉ ሥር ቦታ አላጣሁም፤
«ጊስሌን ጠገነው። ምሳዬ ባቄላ፣ በስብ የተሠራ፤
ወይኑ ዛሬም ያው ነው። ጉልበቴ ይቆረጥማል፣ ቀኙ በተለይ።
የሚቀጥለው፣ አደራ።»

ሰኔ መባቻ ዘነበ።
ገብተን ዝም ብለን ቆምን፣ ጆሯችን ጣሪያው ላይ፤
አንድም ጠብታ የለም። የቅዱሱ አናት ደረቅ፣
ዓይኑ እንደ ወትሮው በሩ ላይ።
ኦዜሊ ሰማዩን አይታ «አርባ ቀን ነው እንግዲህ» አለች፤
ቁልፉን ከኪሷ ከትታ
በሩን ሳትዘጋ ሄደች።