ሌላ (ካለ ይገለጽ)

ሮቢ ወንዝ ከሚታጠፍበት፣ ከድልድዩ ወረድ ብሎ፣
ሁለት ጥማድ መሬት አለኝ፤ አምናን በማሾ አሳልፎ፣ ዘንድሮን ማሽላ አብቅሎ።
የድልህ ፋብሪካ ሊተከል ነው አሉ፣ ቲማቲም የሚፈጭበት፤
ካርታውን መኪናቸው አፍንጫ ላይ ዘርግተው አሳዩኝ፣
የኔ ማሳ ቀይ ተቀብቶበት።

"ሳይገነባ ይፈተሽ" የሚል ደንብ አለ ተባለና
ሩሃማ መጣች ከደብረ ብርሃን፣ ወንፊት፣ ክርና ችካል ጭና።
እኔም በገዛ ማሳዬ የቀን ሠራተኛ ሆንኩኝ፣
ከሙሄ ጋር ተሰልፌ የአበል መዝገብ ላይ ፈረምኩኝ።

አንድ በአንድ ሜትር፣ ሃያ ጉድጓድ።
አንደኛው ባዶ። ሁለተኛው ባዶ። ሦስተኛው አንድ ቆርኪ ሰጠን፣
አራተኛው የጥይት ቀለህ፤ የማን እንደሆነ አልተጠያየቅን።
ስድስተኛው ላይ ገል ወጣ፤ ሙሄ ምራቁን ዋጠ፣
"የቅርብ ነው" አለች አገላብጣ፤
ልጁ ተመልሶ ተቀመጠ።

ኢንጅነሩ ከሰዓት ከሰዓት ይመጣል፣
ከመኪናው ሳይወርድ "ወጣ?" ይላል።
"አልወጣም" ስንለው ፊቱ ይፈካል።
እውነቱን ልናገር፣ እኛንም ደስ ይለናል፤
ምንም ካልወጣ ካሳው ይፈጥናል።

አሥራ አራተኛው ላይ፣ ደለሉን ገፍፈን፣ ክንድ ከስንዝር ወርደን፣
"ቁሙ!" አለች።
ዶማዬ አየር ላይ ቀረ፤ ወደ እግሯ ሥር አየን።
ከደለሉ በታች ጥቁር መሬት፣
በጥቁሩ ላይ ቀይ መስመር፣ ቀይ መስመር፣
እንደ ሽማግሌ እጅ ጅማት።

በብሩሽ እየጠረገች "ሥር ይሆን? ውኃ ይሆን?" ትላለች፤
ጋሼ ጥላዬ፣ አንተስ ምን ትላለህ?
ወደ እኔ ቀና አለች።

ጎንበስ አልኩ።

ይሄማ ፈር ነው፣ ልጄ። ማረሻ የሄደበት።
ይኸው እዚህ አይማው፣ ፊተኛውን አቋርጦ የመጣበት።
ግራ በሬው ደክሞታል፤ ፈሩ ወደ ግራ ጎብጧል።
እዚች ጥግ ድንጋይ አለች፣ እርፉን አንሥቶ አልፏል።
ድንጋዪቱን አውቃታለሁ፤ ጫፏ እስከ ላይ ይወጣል፤
አባቴም ያነሣላት ነበር፣
እኔ አንዴ ረስቼ ማረሻዬ ተሰብሯል።

እዚህ ጋ ግን ቆሟል።
ለምን ቆመ? ፈር መሀል ላይ በሬ የሚፈታ ማን አለ?
ሮቢ ሞልቶ መጣበት? ጠሩት?
ወይስ አንድ ነገር ሰምቶ፣ "መጣሁ" ብሎ እንደ ዋለለ?

"ስድስት መቶ ዓመት" አለች፣ "ወይ ከዚያም በላይ፤ ከሰሉ ሲመረመር ይታያል።"
ሙሄ ጆሮዬ ላይ "የኛ ወገን ነው የናንተ?" ይላል።
እኔ እንጃ። ፈሩ ላይ አልተጻፈም።

ቅጹን አወጣች፦ ሸክላ፣ አጥንት፣ ብረት፣ ግንብ፣ መቃብር፤
ለሁሉም ሰረዝ፣ ሰረዝ፣ ሰረዝ።
በስተመጨረሻ አንዲት ሳጥን፣ የጣት ጥፍር የምታህል፤
"ሌላ (ካለ ይገለጽ)" የምትል።
"የእርሻ ፈር" ብላ ጻፈች።
ኢንጅነሩ አንብቦ ሳቀ፦
"እርሻ ውስጥ ፈር ተገኘ?"
ስልክ እየደወለ ራቀ።

የኔ ካሳ ተቆጥሯል፤ ማሽላው በኩንታል፣ ማንጎዎቹ በዛፍ፤
ደብተሬ አረንጓዴ ነው፣ ፎቶዬና ማኅተም ያለው ከጫፍ።
የታችኛው ሰውዬ ግን ደብተር የለው፣ ፎቶ የለው፤
"ሥራዬን ሳልጨርስ" ቢል፣ በየትኛው መስኮት ነው አቤት የሚለው?

"ድፈኑት" ተባልን፣ ደፈንን።
የወጣ አፈር ሲመለስ ይተርፋል፤ ክምሩን ትተን ሄድን።

በነጋታው፣ ማሽኑ ሳይመጣ፣ ቦራና ዳልቻን ጠምጄ ወረድኩ።
ሙሄ ከመንገድ ዳር "ምን ልትዘራ ነው?" አለኝ።
አልዘራም አልኩ።
የሰው ፈር ነው፣ ዳር ላድርሰው ብዬ ነው።

ችካሎቹን አልፌ፣ አሥራ አራተኛውን አልፌ ሄድኩ፤
ድንጋዪቱ ጋ ስደርስ
እርፌን አነሣሁ።