ዘበኛው ሲተኛ

ኅዳር ነው፣ ዋኽኒንገን። በመስታወት ቤት ላይ
ዝናብ ሲንጠባጠብ ከማያባራ ሰማይ፣
ሒልከ ጎንበስ አለች ሰባተኛው መደብ፣
ቁመቱ አንድ ስንዝር፣ ሽቅብ የማይሳብ
ስንዴዋ ዘንድ።

ዋግ አልደፈረውም፤ ቅጠሉ ንጹሕ ነው።
የዘረመሉን ዘብ እሷው ናት ያነቃችው፤
ማጥፊያውን ቆርጣ፣ ማብሪያውን ትታለት፣
ቆመ ሌት ተቀን ጠላት በሌለበት።
ስንቁን ለጦር ጨርሶ ዛላው ባዶ ቀረ።

ጎረቤቱ ግን፣ ተኝቶ ያደረ፣
ዋግ ሲያርፍበት ባኖ፣ ያችኑ ቁራጭ ሥጋ
በገዛ እጁ ገድሎ፣ በሩን በሞት ዘጋ፤
ጥቁር ነጥብ ትቶ ተመልሶ ተኛ።
ዛሬ እሸት ይዟል ያ ሰነፍ ዘበኛ።

መዝገቧን ገለጠች፤ «አልታመመም» አለች፣
«አልኖረምም» የሚል ከጎኑ ጨመረች፣
«ይኼ ሳይንስ አይደለም» ብላ ሰረዘች።

ስርዙ ይነበባል።