ያለ ፍሬን

«አራት ሺህ» አለኝ ድንበሩ፣ ጎማ እየነፋ፤
«ሦስት» አልኩት፣ ፍሬኗ ስለጠፋ።
ኮርቻዋ በፌስታል ተጠቅልሏል፣
ደወሏ ግን ይጮኻል፤ ሌላው ምን ጎድሏል?
የሁለት ወር የታክሲ ብሬን ቆጥሬ ሰጠሁ፣
ከፒያሳ ወደ ግቢ በኩራት ወጣሁ።

«ቁልቁለቱን» ብሎኝ ነበር «እሷ ትወስድሃለች፣
ዳገቱ ሲመጣ ያንተ ሸክም ነች።»

ይኸው ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ፣
ሰንሰለቷ ወልቆ፣ እጄ ከሰል መስሎ፣
ስገፋት፣ ሚኒባስ ያልፈኛል ሰው አንጠልጥሎ፤
ወያላው «ግባ!» ይላል፣
«እሷስ?» ስለው ይስቃል።

ፍሬሟ ላይ በምስማር «ሰናይት» ተብሎ ተጭሯል።
ተመርቃ ይሆን የሸጠቻት፣
ወይስ እዚችው ዳገት ላይ ጠልታት?

የጠዋቱ ክላስ አለፈኝ። ግድ የለም፤
ማታ ቁልቁለት ነው።
ፍሬንም የለም።