ኪስ የሌለው ልብስ

በኪያፖ ቆርቆሮ ዝናቡ ሲያጓራ፣
ክሪሳንቶ ጎንበስ ብሎ በአንድ አምፖል ሲሠራ፣
ገጽ አሥራ ሁለት ላይ ጀግናው ቡጢ ሰንዝሮ
አየር መትቶ ቀረ፣ ካባው ተወጥሮ።

ጠላቱ ግማሽ ናት፤ ከወገቧ በላይ
በክንፍ ትዞራለች፣ አንጀቷ እስኪታይ፤
እግሮቿን ሙዝ ተክል ሥር አቁማ ትታ፣
ጎህ ሳይቀድ ልትገጥማቸው አስልታ።

ባቡር ያነሣ ክንድ ለሷ ምኗም አይደል፤
ከቆሙት እግሮች ላይ የተነሰነሰ ጨው ነው የሚገድል፤
የጀግና ልብስ ደግሞ ኪስ የለውም።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። አታሚው ጠዋት ይመጣል።
ክሪሳንቶ የብሩሹን ጫፍ ላሰ፤
በመጨረሻው ሣጥን
ካባው የበሰበሰ ግዙፍ ሰው፣ አንገቱን ደፍቶ፣
የባልቴቷን የፔትራን በር ሲያንኳኳ ሣለ፦
«እማማ፣ በዚህ ሌሊት… ቁንጣሪ ጨው አለ?»