የጳጉሜን ዳኞች

ጳጉሜን ሦስት ከሰዓት፣ ሰማዩ ሲያንጃብብ፣
ሦስት ሆነን ተቀመጥን፣ ዓመቱን በጆሮ ልናነብ።
አርባ አንድ ቅጂ መጥቷል፤ በፍላሽ፣ በሲዲ፣ አንዱ በካሴት፣
ከወንዶ ገነት፣ ከጎንደር፣ ከአዳማ፣ ከየጓዳው፣ ከየቤት።
"ክላሲካል ማለት" አለ ሰብሳቢው፣ "የኛም ይሁን የባሕር ማዶ፣
ተቀምጠው የሚሰሙት ነው፤ ሌላው ይሂድ፣ ሠርግ ቤት ፈርዶ።"

ሰብሳቢው ጋሽ ሌዳሞ ነው፣ የፖሊስ ኦርኬስትራ ጡረተኛ፣
ክላርኔቱን ከሸጠ ወዲህ ጉልበቱ ላይ የሚጫወት፣ ሌሊት የማይተኛ።
ወይዘሮ ዘውድነሽ አለች፣ አርባ ዓመት መዘምራን ያሠለጠነች፣
ከሦስት ቤት ማዶ ማንኪያ ቢወድቅ ኖታውን የምትነግርህ ነች።
እኔ? ስፒከሩን ልጠግን መጣሁ፣ ሽቦ ሳስር አመሸሁና፣
"ወንበር አለ" አሉኝ፤ ዳኝነቴ ይኸው ነው፣ ሌላ ማዕረግ የለኝምና።

ማዳመጥ ሥራ ነው። ከአሥራ አምስተኛው በኋላ ጆሮ ይላላል፣
ባቲው ከአምባሰሉ፣ ቼሎው ከማሲንቆው ይመሳሰላል፣
ጋሽ ሌዳሞ መስኮት ይከፍታል፣ ከሐይቁ የዓሣ ሽታ ይገባል፤
ደግሞ ይዘጋል፣
"ቀጣይ" ይላል።

አንዱን ጣልን፤ በገናው ጥሩ ነው፣ ቀጂው ግን ማሚቶ ጨምሮበት፣
ሰውዬውን ከነበገናው ጉድጓድ ውስጥ ከቶት።
አንዱን ጣልን፤ ፒያኖው ይሮጣል፣ ይሮጣል፣ የሚደርስበት የለውም።
አንዱን ጣልን፤ ሁላችንም ወደነዋል፤ ለምን እንደጣልነው ዛሬም አላውቅም።

ከዚያ የመጨረሻው፤ ወርቂቱ ሻላሞ፣ ከጥቁር ውሃ ሰፈር፣
ቫዮሊን ብቻውን፣ በተከራየችው ክፍል፣ ከቆርቆሮው ሥር።
ዜማው ወደ ላይ ሊወጣ ሲል፣ እዚያው ጫፉ ላይ ሲደርስ፣
ኳ... ኳ... ኳ... አባ ኮዳ ጣሪያው ላይ ሲመላለስ።
ልጅቷ አላቋረጠችም። ደጋኑን በአየር ላይ ይዛ ቆይታ፣
እግሩን አሳልፋ ቀጠለች፣ ለሽማግሌ ጎረቤት መንገድ ሰጥታ።

"ይህማ ጫጫታ ነው" አለች ዘውድነሽ፤ "የድምፅ ጥራት፣ ከአሥር ሦስት።"
በእስክሪብቶ ጻፈችው፤ ላጲስ አያውቃትም፣ አርባ ዓመት።

ልከራከር አፌን ስከፍት መብራት ጠፋ፤
መብራት ኃይል ለክርክር አይጨነቅም፣ ማን ተረታ፣ ማን ለፋ።
ስፒከሩ "ቷ" ብሎ ሞተ። ሻማ የለም። ዝናቡ መጣ፣
ሦስታችን በጨለማ፤ አርባ አንዱም ቅጂ ከጆሯችን ወጣ።
ወጣ ስል፣ ሁሉም አይደለም። አንዱ አልወጣም፣ ይንጎራጎራል፣
ማን እንደሆነ አላየሁም፤ ቀጭን ድምፅ፣ አፉን ገጥሞ ያዜማል፣
ወደ ላይ ሊወጣ ሲል፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ፣
ቆመ።
ጠረጴዛው ላይ በጣት፦ ኳ... ኳ... ኳ...
እግሩን አሳልፎ ቀጠለ፣ ቀስ በቀስ።

ጋሽ ሌዳሞ ሳቁን በጉሮሮው አስቀረው። እኔ ዝም።
መብራቱ ሲመለስ ዘውድነሽ መነጽሯን ትጠርጋለች፣ ማንንም አታይም።
"ሦስት ብያለሁ፣ ሦስት ነው፤ የጻፍኩትን አልሰርዝም" አለች፣
ቅጹን ግን ወደ ራሷ ሳበች፣ ከኅዳጉ ላይ አዲስ መስመር አሰመረች፣
በዚያው ሰማያዊ ቀለም፣ በዚያው ቁጡ ጽሕፈት፦
"ለአጃቢው አሞራ፣ ጊዜውን ጠብቆ ለረገጠበት፣
ነጥብ፦ አራት።"

ደመርነው። በግማሽ በለጠ።
ጋሽ ሌዳሞ ደግሞ ደመረ፣ ለሕጉ ሲል፤ ቁጥሩ አልተለወጠ።

ማታ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ ባጃጁ በአሞራ ገደል በኩል ሲሄድ፣
አንድ አባ ኮዳ ቆሞ አገኘን፣ ራሰ በራው ርሶ፣ መሐል መንገድ።
ባለ ባጃጁ ጥሩንባ ሊያስጮኽ ሲል፣
"ተወው" አልኩት፤ "ቆጥሮ ነው የሚራመድ።"